ሳይበጠስ ያለቀ

ከዓሣ ገበያው ዳር፣ ከጎሚስታው አጥር፣
የጋሽ ዱካሞ ቤት፤ ቆርቆሮና ሞተር።
ካሮጌ ኤንትሬ ባሌስትራ ገዝተን፣
ቢላ እናወጣለን በቺንጋ ሞርደን፤
እጀታው ወይራ ነው፣ አንዳንድ ጊዜ ዋንዛ፤
ቆሮሶ ገፋፊ ነው ከእኛ የሚገዛ።

ሐዋሳ ላይ ዘንድሮ ሸካራው ቺንጋ ጠፍቷል፤
ጋሽ ዱካሞ ያለውን እንደ ልጁ ያሻሸዋል።
ባሮጌ ሸበጥ ሶል ፊቱን አሽቶ፣ አሽቶ፣
አሸዋው ረግፎ ሸራው እስኪታይ ሰስቶ፣
«አልተበጠሰ እኮ» ይላል፣ «ምን ጎደለው?»
ያልተበጠሰ ሁሉ እሱ ዘንድ ገና ነው።

እኔን ግን ጆሮዬ ቀድሞ ነግሮኝ ነበር።
አዲስ ሲሆን ድምፁ ጨው ሲፈጭ ይመስላል፤
ሲያልቅ ያፏጫል፣ ጥርስ እንዳጣ ሽማግሌ።
ያ እንደ ቆሎ የሚፈናጠረው ፍንጣሪ
ሳስቶ ሳስቶ ሁለት ሦስት ይቀራል፣
የሠርግ ማግስት ድንኳን ይሆናል።
ወይራው አይላግም፤ ይጠቁራል፣
ሽታው ጎረቤት ድረስ ይሄዳል።
ክንዴም፣ ማንም ሳያዘው፣
መግፋት ይጀምራል።
ስገፋ ብረቱ ይግላል፤
ስለቱ ላይ እንደ ርግብ አንገት
ሰማያዊ ይወጣል።
ያምራል።
ስለሚያምር ዝም አልኩ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ዳንጊሴ መጣች፣
በረጠበ ሽርጧ ቢላውን ጠቅልላ።
አልጮኸችም። ፈታችው፣
ጠረጴዛው ላይ አኖረችው፤
እንደ ምላስ ታጥፏል።
«ስለታችሁ» አለች፣ «ካጥንት ሲደርስ አልሰመረም።»
ቅርፊት ጉንጯ ላይ ያበራል።

ጋሽ ዱካሞ ቢላውን ወደ በሩ ብርሃን አዙሮ
ሰማያዊዋን አያት።
እኔን አላየኝም፤ ያ ይበልጥ ከበደኝ።
ከዚያ ሞተሩን አጥፍቶ ቺንጋውን አወረደና፣
ከመደርደሪያው ደህናውን ቢላ መርጦ አነሳና፣
መሃሉን ቆረጠው።
«ይኸው» አለ፣ «ተበጠሰ።»

ለዳንጊሴ አዲስ ቢላ፣ ያለ ዋጋ፣ እስከ ማክሰኞ።
ቁራጩ እስከ ዛሬ ምስማር ላይ አለ።
ሥራ ስጀምር ቀና ብዬ አየዋለሁ፤
ከዚያ ክንዴን እጠብቃለሁ።
ገፋ ማድረግ ሲጀምር፣
ብረቱ ሳይግል፣ አወርዳለሁ።
ጋሽ ዱካሞ በጣቱ ብሩን ቆጥሮ ያቃስታል፤
ደግሞ፣ ጀርባውን እንደሰጠኝ፣
አዲሱን ቺንጋ ያቀብለኛል።