ሰባት ቤት

«የውሻ ልጅ!» ብሎ ሰው ሰውን ሲሰድብ
ሰኞ ገበያ ላይ ከሚዛኑ አጠገብ፣
ቆም ብዬ አስባለሁ፦ የትኛው ውሻ ልጅ?
በእናቱ በኩል ማን? አባቱስ ከማን ደጅ?
እኔ የውሻን ልጅ አውቀዋለሁ በስሙ፣
አባቱን፣ አያቱን፣ እስከነሕመሙ።

ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ዕቃ ቤት ሳለሁ
ሃያ ስድስት ዓመት ቁልፍ ይዣለሁ፤
ጡረታ ስወጣ የቀረኝ ልማድ
መዝገብ መክፈት ነው፣ ማስመር ሁለት ዓምድ።
ቀኙ ገቢ ነው፣ ገና ነጭ ወረቀት።
ግራው ሞልቶ ፈሶ ኅዳጉ ላይ ወጥቷል፦
የሳምንት ሳንባና ጨጓራ ከቄራ፣
የእብደት ክትባት፣ የሆድ ትል ክኒን፣
ሐረጎ ስታምጥ (እናትየዋ ናት፣
በጠመዝማዛው መንገድ ስም የጠራኋት)
ሁለት ሌሊት አምጣ፣ ሦስተኛው ሳይነጋ
ዶክተር ኑርልኝ መጣ፣ በዝናብ፣ በባጃጅ፣
በእጅ ባትሪ ብርሃን ሆዷን ከፈተላት።
ስድስቱ በሕይወት። አንዱን በጨርቅ ጠቅልዬ
ከጽዱ ሥር ቀበርኩ። እሱንም ጻፍኩት፤
በየትኛው ዓምድ መሆን እንዳለበት ግን
እስከ ዛሬ አልታወቀኝም።

እትዬ ከድጃ በአጥር አሻግራ
«አንተ ሰው፣» ትለኛለች፣ «ሥጋ ለውሻ?
ሽሮ በተወደደበት ዘመን!»
መልስ የለኝም። እውነቷን ነው።
ለውዱዋ ስትል ውሾቼን አትነካም፤
ያን ሌሊት ግን፣ ማንም ሳይጠራት፣
የፈላ ውሃ በማንቆርቆሪያ
በዚያው አጥር ላይ አቀበለችኝ።

አቶ አሊጋዝ መጣ፣ ከኮምቦልቻ፣ በነጭ ፒክአፕ፤
የኮንቴይነር ግቢ አለው፣ ከደረቅ ወደቡ ማዶ።
ቦርከናን ዞሮ ዞሮ አየው፦
ጀርባው ጥቁር፣ ደረቱ የበሰለ ማሽላ።
ልጁንም አየ፣ ቁርጥ አባቷን።
«ንጹሕ ዘር ማለት ይሄ ነው! በሱ አስጠቃልኝ።
ለአንድ ቡችላ አርባ ሺህ፣ እንካ ቀብዱ።»
«አባትና ልጅ?»
«ውሻ አይደል እንዴ?»

እኛ ልጅ ልንድር ስንነሳ
ሽማግሌ ጠርተን ሰባት ቤት እንቆጥራለን፤
ስምንተኛው ሳይደርስ ድንኳን አይተከልም።
አያቶቻችን ራጅ ሳያነሱ አይተዋል፣
የተጠጋጋ ደም እንደሚያነክስ።
ውሻ ግን ሽማግሌ የለውም።
የውሻ ሽማግሌ እኔ ነኝ።

ዱሮ ይህን አልቆጠርኩም።
ከአንድ ማሕፀን የወጡ ሁለት አገናኘሁ፣
ጆሯቸው መንገደኛ የሚያቆም፤
ልጆቻቸውን ሸጬ ጣሪያዬን ቆርቆሮ አለበስኩ።
ባለፈው ሰኔ፣ በርበሬ ወንዝ አካባቢ፣
ከአንድ ዱቄት ፋብሪካ በር ላይ
አንዱን አየሁት፣ በሰንሰለት።
ሊነሳልኝ ፈለገ፤ ዳሌው እምቢ አለ፣
የኋላ እግሩ እንደ ላላ በርጩማ ከዳው።
ጅራቱ ብቻ መሬቱን መታ፣ መታ።
ዘበኛው ሳቀ፦ «ሰነፍ ነው፣ ተቀምጦ ነው የሚጮኸው።»
ሰነፍ አይደለም።
የኔ ጣሪያ ነው።

በሸጥኩበት እጥፍ ገዛሁት።
የሐረጎን ዳገት በሚኒባስ፣ ጭኔ ላይ፤
ረዳቱ የሁለት ሰው ሒሳብ ተቀበለኝ።
በግራ ጻፍኩት።

ለአሊጋዝ ቀብዱን መለስኩለት።
ደብረ ብርሃን አንድ ወንድ አለ፣ ዳሌው በራጅ የታየ፤
የመኪናው፣ የአበሉ፣ የራጁ ሲደመር
ሦስት ቡችላ ገና ሳይወለድ ይበላል።
«ኪሳራ ነው፣» አለኝ። ነው።
አቧራ አስነስቶ ወረደ።

አሁን ክረምት ነው፣ ጦሳ በጉም ተሸፍኗል።
ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲያርፍ
አንካሳው ጆሮውን ያቆማል፣ ያንን ጆሮ።
መብራት አጥፍቼ በሐረጎ ልጅ በኩል እቆጥራለሁ፦
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት…
አምስተኛው ቤት ላይ
ስሙን የማላውቀው አለ።