ያላገባ

ከጡረታ ቢሮው ደጅ፣ ከማንጎው ጥላ ሥር
ጠረጴዛዬ አለች፣ በሦስት እግር የምታድር፤
አራተኛው ድንጋይ ነው።
እዚያ ተቀምጬ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣
በገጽ ሃያ ብር፤ ለቸገረው እቀንሳለሁ።

የፍኖተ ሰላም ፀሐይ ሳትከር ሰዉ ቀድሞኝ ይደርሳል፣
ጥያቄውን በኩታው ጫፍ ቋጥሮ ያመጣል።
«ስልሳ ሞልቶኛል ወይ? እኔ የአንበጣው ዓመት ልጅ ነኝ፤
ፎርሙ ላይ ያለውን ቀን ጸሐፊው ነው የወለደልኝ።»

ልየው ደግሞ አለ፣ ክንዱን መጋዝ የበላው፤
«የሐኪሞቹ ቦርድ አርባ በመቶ አለኝ፤ ምኑን ነው የለካው?
የጎደለውን ነው፣ ወይስ የቀረውን?
ሌሊት የሚያሳክከኝ የሌለው ነው፤ ማን ይቁጠርልኝ እሱን?»

እማሆይ ብርነሽ በየዓመቱ ይመጣሉ፤
«በሕይወት መኖሬን ጻፍልኝ፣ ዘንድሮም አላመኑኝም» ይላሉ።
እጽፋለሁ። በጣታቸው ፈርመው፣ ቀለሙን በሣር ጠርገው፣
«ይኸው ኖርኩ» ብለው ይሄዳሉ ስቀው።

ለዚህ ሁሉ መልስ አለኝ፤ አዋጁን በቃሌ አውቃለሁ፣
የቱ ፎርም ለየቱ መስኮት፣ እንደ ዳዊት እደግማለሁ።
ለትሁኔ ግን አልነበረኝም።

ማክሰኞ ጧት መጣች፣ የከሏ ጥቁር ገና ሳይደበዝዝ።
ባሏ አንማው ግሬደር ነጂ ነበር፣ የቡሬን መንገድ ሲያርስ
ሲያስተካክል የኖረ፣ ክረምት ደግሞ እያፈረሰበት።
ጡረታውን ሰባት ወር በላ፤ በስምንተኛው ሳል ጣለበት።
ለሚስት ግማሹ እንደሚደርሳት ከጎረቤት ሰምታለች፤
የጋብቻ ወረቀት የላትም፣ ሦስት ሽማግሌ ይዛለች።

መስኮት ሁለት ፋይሉን ከፈቱት። በሰባ አራት ዓመተ ምሕረት
በራሱ እጅ የሞላው ቅጽ፣ «የጋብቻ ሁኔታ» ከሚለው ፊት ለፊት፦
«ያላገባ።»
አነበቡላት።

ወደኔ መጣች። ወንበር ሰጠኋት፣ አልተቀመጠችም።
«ወንድማለም» አለችኝ፣ «ስለ ብሩ አልጠይቅህም።
አምስት ልጅ ወልጄለት፣ ልብሱን ከናፍጣ ሳጥብ፣
ስንቅ ቋጥሬ ስሸኝ፣ በር ላይ ቆሜ ስጠብቅ፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ
እኔ የማን ነበርኩ?»

በአዋጁ ውስጥ ለዚህ አንቀጽ የለም።
«የተቀጠረ ዕለት ነው የሞላው፤ ያኔ አያውቅሽም፤
ኋላም አላስተካከለው፤ ወንድ ልጅ ወረቀት አይወድም» አልኳት።
ዝም አለች። ለራሴም ደካማ መስሎ ተሰማኝ ያልኳት።

ተያይዘን ገባን። የመዝገብ ቤቷ እናኑ አቧራውን እፍ አለችው፣
ገጽ በገጽ ገለጠችው፦
የደመወዝ ቅጣት፣ የእርከን እድገት፣ የጎማ ርክክብ፤
በመጨረሻ፣ ከዛገ ስፒል ሥር፣ ከደብተር የተቀደደች ብጣሽ፦

«ለመንገድ ሥራው አለቃ።
ባለቤቴ ትሁኔ አዱኛ ትናንት ሌሊት ስለ ወለደች (ወንድ ነው)
የሦስት ቀን ፈቃድ እንዲሰጠኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።
አንማው ቢተው፣ ግሬደር።»

ከዳሩ ላይ በቀይ፦ «ይፈቀድ»።

ሦስቴ አስነበበችኝ።
«ባለቤቴ» የሚለው ጋ ስደርስ
ዓይኗን ትጨፍናለች፣ መድኃኒት እንደሚውጥ ሰው።
«ከምስክሮቹ ጋር ይያያዛል፣ ይጠቅማል» አለች እናኑ፤
«ዋናው ግን ከፋይል አይወጣም። ኮፒው ሁለት ብር ነው።»

ግማሹ መቼ እንደሚከፈላት አልጠየቀችም።
ኮፒውን አራት አጥፋ፣ መሳፈሪያዋ ካለበት ቋጠሮ ከተተችው፤
አጥሩ ጋ ደርሳ ተመለሰች።
«ስንት ቀን ነው ያልከኝ?»
«ሦስት።»
«እኔ ዘንድ ያደረ ሁለቱን ነው» አለች፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች፣
ትሳቅ ታልቅስ አልለየሁም።
«ሦስተኛዋን የት ዋለ፣ ወንድማለም?»

ቀጣዩ ባለጉዳይ ወንበሩን ሳበ።
ስሙን ከነአያቱ ጠየቅሁት።