ሐሙስ ቴሌቪዥን አልነበረም

ወደቡ በርዶታል፤ መርከብ የለ፣ ሰው የለ፤
አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ዐይኔ ላይ ዋለ፦
«የጨው ቤት፣ ክፍል ሦስት፤ የታየበት ዕለት
ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ ዐሥራ አራት፣ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ አራት።»

ብቻዬን ሳቅሁ።

አይስላንድ ውስጥ ያደገ ሰው ያችን ሐሙስ ያውቃታል፤
ጣቢያው ራሱ ሐሙስ ሐሙስ ይተኛ ነበር፤ ማን ይቀሰቅሰዋል?
ሰው ዘመድ ይጠይቅ፣ ካርታ ይጫወት፣ ይነጋገር ተብሎ
ሳጥኑ ያድር ነበር በእናቴ ጥልፍ ጨርቅ ተከልሎ።
ሐሙስ ላይ ድራማ! ዓሣ ዛፍ ላይ ወጣ በሉኛ።
ሰረዝሁት፤ ሰርዤም አላረፍሁ፤ የተጠረጠረ ቀን አያስተኛ።

ጠዋት ቤተ መጻሕፍት። ሃልቤራ ማይክሮፊልሙን አመጣችልኝ፤
«አሁንም ያ ድራማ?» ብላ እንደ ሐኪም ዐየችኝ።
መዘውሩን አዞርሁት፤ ቀናት በግራጫ ብርሃን ሮጡ፦
የሃዶክ ዋጋ፣ የጠፋ ጓንት፣ የሞቱ ሰዎች፣ ሊጋቡ የቆረጡ፤
ከመካከል፣ በአውራ ጣት ጥፍር ልክ፣ የምሽቱ ዝግጅት፦
«ዓርብ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል። የጨው ቤት፣ ክፍል ሦስት።»

ዓርብ! በአንድ ቀን ለዓለም ምን ጎደለ፣ ምን ሞላ?
ማንም አይጠይቅም። እኔ ግን ጠረጴዛውን በጣቴ መታሁ፣
እንደ ሕፃን፣ እንደ ተላላ።

ከቀኑ በታች ሌላ ዓረፍተ ነገር አለ፣ ምንጭ የሌለው፦
«በመጨረሻው ትዕይንት ፋኖስ ይዞ በሩን የሚያንኳኳው
ስሙ ያልተጻፈው ሰው ቶርጊልስ ነው፣ የሁሳቪክ ዓሣ አጥማጅ።»
ማን ጻፈው ብዬ ደብዳቤ ላክሁ፤ መለሰችልኝ አንዲት ልጅ።
ልጅ ማለቴ የእሱ ልጅ፤ እሷስ ሰባ ሊሞላት ነው፤ ሳልቮር።

«ተዋናዩ ቢታመም አባቴን ከጀልባው ጠሩት» አለች፤
«በዚያው ቦቲው ገባ፤ ቅርፊቱ ይታይ ነበር» አለች።
«በወሩ ባሕር ወሰደው። ሌላ ተንቀሳቃሽ ምስል የለንም፤
እዚያች በር ላይ ይንቀሳቀሳል፤ ሌላ ቦታ አይንቀሳቀስም።»

ጣቢያውን ጠየቅሁ።
«ቴፕ ያኔ ውድ ነበር፤ እየጠፋ ይደገም ነበረ፤
ክፍል ሦስት ላይ የእጅ ኳስ ግጥሚያ ተቀዳ፤ ከሥሩ ምንም አልቀረ።»
የተዋንያን ዝርዝር ላይ ዐሥራ አንድ ስም፤ ቶርጊልስ የለም።
አዘጋጁ ሞቷል። ፋኖሱ እንኳ ፎቶግራፍ የለውም።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጣፍ ያለ ይወረሳል ይባላል፤
ሐሙስም እኮ በመጣፍ ነበር፤ ቶርጊልስ በቃል ይኖራል።
ሕጉን አውቃለሁ፤ ለጀማሪዎች እኔው አስተምሬዋለሁ፤
ምንጭ የሌለው ይነሣ! ስንቱን ሰው እንዲህ አንሥቻለሁ።

ደግሞስ እኔ ራሴ አላየሁትም እንዴ?
ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ወለሉ ላይ፣ በሆዴ።
ሦስት ጊዜ መንኳኳቱን፣ የውሻውን ዝምታ አስታውሳለሁ፤
ፋኖሱም ቀይ ነበር፣ ደም የመሰለ ቀይ፤ እምላለሁ።

የእኛ ቴሌቪዥን ግን ጥቁርና ነጭ ነበር።

እኔን የመሰለ እማኝ ይዞ ማን ፍርድ ቤት ይቆማል?
ጣቴ ማጥፊያው ላይ ዋለ፤ ሻዩ ቀዘቀዘ፤ ነፋሱ ያጉራል።
አላጠፋሁትም። አላጸደቅሁትምም። ከስሙ ቀጥሎ
ሁለት ቃል አስገባሁ፣ በትንሽ ፊደል፣ «ማስረጃ ይፈለጋል» ብሎ
የሚቆም፣ ለስንት ዓመት እንደሆነ እንጃ።

ለሳልቮርም ጻፍሁላት፦ ደረሰኝ ይኖርሽ ይሆን? የክፍያ ወረቀት?
«የከፈሉት አንድ ጥንድ የሱፍ ጓንት ነው፤
ይዞት ሄደ» አለችኝ።
ቀጥላም፣ ከፊርማዋ በታች፣ ቸኩላ በሚመስል ጽሕፈት፦
«ስለ ቀኑ አመሰግናለሁ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ
ሐሙስ ማታ መብራት አጥፍቼ ነበር የማስበው።
እንግዲህ ዓርብ ነው።»