የሌሊት ኪራይ

ከአባይ በረሃ ጉሙ ሲወጣ ደጀን ላይ፣
አውቶቡሱም አይታይ፣ ሹፌሩም አይታይ፤
የእኔ ቆርቆሮ ኪዮስክ ግን ትታያለች፣
በባትሪ መብራቷ መጽሐፍ ታከራያለች።

የአጎቴ ነበረች፤ የጋሽ ቢያድግልኝ ቅርስ፣
በአንድ ሌሊት ስሙኒ፣ ሳይቀደድ ሲመለስ።
መዝገቡን ትቶልኛል፣ ጀርባው የተላጠ፣
ማን ምን እንደ ፈራ፣ ማን የት እንዳቋረጠ።
እትዬ የውብዳር፣ ገጽ ሰማንያ፣ ሻማው ሲጠፋ፤
ፊርማዋ እዚያው አለ፣ በእንባ የሰፋ።

በሱ ዘመን ፍርሃት ቤት ነበረው፤ ግንብ፣
ገደል አፋፍ የቆመ፣ መጋረጃው የሚርገበገብ፤
አንድ የተቆለፈ በር፣ አንዲት አዲስ ሙሽራ፣
የሟች ሚስቱ ኮቴ ጣራው ላይ ሲያስፈራ።
በመጨረሻው ምዕራፍ ቄሱ ጠበል ይረጫል፣
መንፈሱ ጮኾ ይወጣል፣ ሰርጉ ይቀጥላል።
የጤና ጣቢያዋ ነርስ፣ የቀበሌው ጸሐፊ፣
ለዚያች ለአንዲት በር ነበሩ ተሰላፊ።

ከዚያ ግንቡ ፈረሰ። መዝገቡ ይናገራል፦
ነዋሪው፣ ያ መንፈስ፣ ቤት አጥቶ ይዞራል፤
ደም መጣጭ ሆኖ መጣ፣ የገረጣ፣ ጨዋ፣
አንገቷ ሥር ቁጭ ብሎ የማያነሣ ጽዋ።
ወሩ ዐቢይ ጾም ነበር፤ «ጾመኛው» አሉት፣
አሥራ አንደኛ ክፍሎች እየተሻሙበት፤
የባዮሎጂው መምህር ቀምቶ አነጋበት።

ቀጥሎ ዛሩ መጣ፣ ሽማግሌ ልኮ፣
ከሰው ባል ይሻላል፣ ይሰማል ተንበርክኮ።
አሁን ደግሞ በስልክ፣ «ክፍል ሃምሳ ሁለት»፣
ማንም እንዲድን አይሻ፤ ጭራቁ ነው ውበት።
ቄሱ ጡረታ ወጡ፣ ጠበሉም ደረቀ፣
አውሬው አውሬ እንደሆነ መፈቀርን አወቀ።

እኔም ከዘመኑ ጋር ሽፋን እቀይራለሁ፤
ቡዳ የሚያፈቅርበትን አምስት ቅጂ ገዛሁ፦
ሌሊት ጅብ የሚሆን፣ ቀን ዓይኑ ማር የመሰለ፣
ለአንዲት የነጋዴ ልጅ መንጋውን የጣለ።
በሳምንት ተያዘ። ደጀን በሙሉ አለቀሰ፤
ያ ጅብ በጥይት ሲመታ ስንት መሐረብ ራሰ!
እውነተኛው ጅብ ግን፣ ከልኳንዳው ጓሮ፣
አጥንቱን ሲቆረጥም አደረ፣ ጅብነቱን አክብሮ።

አንጓች ግን ሦስት ጊዜ ወሰደች፣ መለሰች፤
የሸክላ ሠሪው ልጅ፣ ከወንዙ ማዶ ያለች።
ገጽ መቶ አሥራ ሁለት አውራ ጣቷ ታትሟል፣
ቀይ ጭቃ፣ የደረቀ፤ ፊደሉን ሸፍኗል።

«ቆንጆ ነው» አለችኝ፣ «እዚህ፣ በወረቀት።
አባቴ ግን ቅዳሜ ገንቦ ሲያወርድ ከአህያ፣
ለጅቡ ያለቀሰችው፣ ያቺው፣ እዚያው ገበያ፣
ልጇን በነጠላ ትሸፍናለች፤ ክታብ ታጠብቃለች።
ገንቦውን ግን አትተውም፤ ተከራክራ ትገዛለች።
የዚያ መምህር ልጅስ? እሱም አንብቦታል፤
ደብዳቤ ጽፎልኛል፣ ‹መንጋዬን ልተው› ብሏል።
እናቱ አጥንት ቆጠሩ። ደብዳቤው ቀረ።
መንገድ ላይ ሲያየኝ ጫማ ያስራል፤ የታሰረ።»

ምን ልመልስላት? ኪራዩን ተውኩላት።
(ይህም አሳፈረኝ፤ ያው ሦስት ብር ናት።)

በጥቅምት ደብተር ይዛ መጣች፣ ባለ ሃምሳ ሉክ፣
በእርሳስ የተጻፈ፣ የራሷ ታሪክ።
ግንብ የለም፣ ደም መጣጭ የለም፣ ማንም ጅብ አይሆንም፤
አንድ ሰው ገንቦ ተሸክሞ ሌሊት ይሄዳል፤
ጅብ በአጠገቡ ያልፋል፤ አይተያዩም።
«ታዲያ ምኑ ያስፈራል?» አልኳት፣ ግማሹን ጨርሼ፤
«ገና አልነጋም» አለች። አነበብኩ፣ ተመልሼ።

ከመደርደሪያው አኖርኩት፣ ከግንቡና ከዛሩ መሃል፤
በመዝገቡ አዲስ መስመር ላይ ስሟ ተጽፏል።
ሁለት ወር ማንም አልተከራየው። ትናንት አቧራውን ሳነሣ፣
ሦስተኛው ገጽ ላይ አየሁ የአውራ ጣት ጠባሳ፤
ነጭ ነው፤ ጠመኔ ይመስላል፤ ጭቃ አይደለም።
መዝገቡን ገለጥኩት፤
ስም ግን የለም።