ስምንት ጣት

ሐምሌ ነው፤ እዚህ ሐይፋ ግን ጠብ የሚል ዝናብ የለም፣
ባሕሩ ከታች ያበራል፣ ሰማዩ ደመና አያውቅም።
ገና ዐሥራ አንድ ቀኔ ነው፤ ባሌ ትምህርት ቤት ያመሻል፣
ወተት አልቋል፣ ሽንኩርት አልቋል፤ ሰው ስንት ቀን በብስኩት ይቆያል?
ደረጃ ላይ አገኘኋት፣ ዜልዳን፣ ከላይ ያለችውን፣
ያቺን ከሩማንያ መጥታ ፀጉሯን ቀይ የቀባችውን።
«ነገ ሱቁ መቼ ይከፍታል?» ስል ጠየቅኋት በእጅ፤
እሷም ስምንት ጣት አነሣች፣ ቁጥር እንደሚማር ልጅ።

ስምንት! እንዴት ያለ ደግ ሱቅ ነው፣ ሰው ጠግቦ ተኝቶ ሲነሣ
የሚከፍት! ልብሴን አጠብኩ፣ በላሁ ያለችኝን ምሳ።
ሰዓቴ ደሴ እንደተሞላች ናት፣ ማንም አልነካካት፤
ልክ ስምንት ስትል ወጣሁ፣ በዘንቢል፣ በደስታ፣ በፍጥነት።
የቆርቆሮው መዝጊያ እየጮኸ ቁልቁል ሲወርድ ደረስኩ፣
የባለሱቁን ጉልበትና ጫማ ብቻ አየሁ፣ ጎነበስኩ።
«ሻባት ሻሎም» አለኝ ከውስጥ፤ እኔ የሰማሁት «የለም»፤
የሚሸጥ የለም፣ የሚከፍት የለም፣ ሰውም የለም፣ አገርም።

ከዚያማ መንገዱ ባዶ፤ አንድ ድመት፣ አንድ ብስክሌት፣
ለማንም ቀይ የሚለብስ፣ ለማንም አረንጓዴ የሚያወልቅ መብራት።
ሰንበት አዲስ ሆኖብኝ አይደለም። አባቴ፣ አናጢ ሳለ፣
ቀዳሚትን ሊያከብር መጋዙን ሰቅሎ ይውላል፤ ግን ይመር አለ።
ይመር ሱቁን አይዘጋም ከጁምዓ ሶላት በቀር፣
ሌሊት እንኳ መስኮቱን ብንቆረቁር
አንድ እጅ ብቻ ትወጣለች፣ ሻማ ይዛ፣ መልስ ይዛ።
ያችን እጅ ነበር የፈለግሁት፣ ቅዳሜ ረፋድ፣ በየታዛ።

ደረጃው ቁልቁል፣ ቁልቁል፣ ቁልቁል፤ ዋዲ ኒስናስ ይሉታል፤
እዚያ ቡትሮስ የሚባል ሰው ቲማቲም ሲደረድር ይስቃል።
«መጨረሻው ስንት ነው?» ልለው ነበር፣ አፌ ያደገበትን፤
እሱ መዝኖ ሲያበቃ ጣል አደረገ አንድ እፍኝ ናና፣ ያልለመንኩትን።
ምርቃት! ስሙን አያውቀው ይሆናል፤ እጁ ግን አሳምሮ ያውቃል።

«ነገስ?» አልኩት። አማተበ። እሁድ የሱ ተራ ነው መዝጋቱ።
እሁድ ደግሞ የኛ ሰፈር ቆርቆሮ ተነሣ፣ ጮኸ ሰፈር በሙሉ ከጠዋቱ፤
ነጠላዬን ለብሼ ብወጣ ሰዉ ለባንክ ተሰልፏል፣
«የመጀመሪያ ቀን» ይሉታል። ለካ ስሙስ ልክ ኖሯል፤
እሑድ ማለት አንድ አይደል? እኛ ቃሉን ይዘን ስናርፍበት፣
እነሱ ቃሉን የሰሙ ይመስል አንድ ብለው ተነሡበት።

ሱፐርማርኬትም ገባሁ። ዋጋው ተለጥፏል፣ አይወርድም፣
የሚከራከር የለም፣ «በልጆቼ ሞት» የሚል ነጋዴም የለም፤
ሰልፉ ላይ ግን አንዷ ቅርጫቷን ፊቴ አቁማ ትሄዳለች፣
ሴትዮዋ አይብ ትመርጣለች፣ ቅርጫቷ ወረፋ ትጠብቃለች።

ለዜልዳ ሰዓቴን አሳየኋት፣ ፀሐይዋን በጣቴ እየጠቆምኩ፤
ከወጣች በኋላ አንድ፣ ከፍ ስትል ሁለት እያልኩ።
ሳቀች፣ ጥርሷን እስክትይዝ። ማክሰኞ ማታ በሬን መትታ፣
ነገ ታልፒዮት ገበያ አብረን እንሂድ አለች፣ ሁለት ጣት ብቻ አንሥታ።
ሁለት? አሁንማ ማን ይሞኛል! የሷ ሁለት፣ የኔ ስምንት፤
በስምንት ፌርማታው ላይ ቆምኩ፣ ሳላጓድል ደቂቃ አንዲት።
አንድ አውቶቡስ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ዜልዳ የለችም፤ ጥላው ዞረ።
ቅር ብሎኝ ስመለስ፣ በሬ እጀታ ላይ ፌስታል ነበረ፤
ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ሎሚ፤ ከላይ ሁለት ኮክ፣ ምርቃት።

ጠዋት በሁለት ቆማ ኖሯል፣ ለኔ ብላ፣ በኔ ቆጠራ፤
እኔም በሷ ሁለት ቆምኩ፣ የሷን ተምሬ፣ ስኮራ።
ደረጃው ላይ ተቀምጬ ኮኩን ስገምጥ፣ ከላይ በር ተንቋቋ፤
ዜልዳ ናት። ስምንት ጣት አነሣች። ሁለት ጣት። ከዚያ
ዐሥሩንም ዘረጋችልኝ፤ ይኸው ነው ያለን ቋንቋ።