የመፍቻው ጥላ

ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ማሽን ሳክም ኖሬ፣
ሳሉን በጆሮዬ፣ ምቱን በእጄ ቆጥሬ፣
መፍቻዬን ለሌላ ሰጥቼ አላውቅም ነበር፤
ቁልፉ ከአንገቴ ላይ፣ ሳጥኑ ከእግሬ ሥር።
አሥራ ዘጠኝ ቁጥር መፍቻ ላስፈለገው
«አንሙትን ጥሩት» ነው፣ ሌላ መላ የለው።
እኔ እስክመጣ ድረስ፣ ክሩ ተበጥሶ፣
ፈረቃው ይቀመጣል ክንዱን ተንተርሶ።
ይህ ነበር ኩራቴ። ቆማ ስትጠብቀኝ
ማሽኗ ሙሽራ፣ እኔም ሚዜ ይመስለኝ።

አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ጭጋጉ ከጣና ላይ ሳይነሣ፣
ካይዘን መጣ ተባልን፤ ሥልጠና ከነምሳ።
(እውነቱን ልናገር፣ የሄድኩት ለምሳው ነው።)
አሠልጣኙ ወጣት፣ ቀይ ወረቀት ይዞ፣
ዋለ ባዳራሹ ጥግ ለጥግ ተጉዞ፤
«ይህ ምን ይሠራል? ያስ? ያስ?» እያለ፣
መልስ ላጣንለት ዕቃ ቀይ እየሰቀለ።

የኔ ሳጥን ጋ ደረሰ። ከፈትኩለት።
ጥርሱ ያለቀ ማርሽ፣ የበሰበሰ ገመድ፣
ከደርግ የተረፈ ቀበቶ፣ የዛገ ቦሎን ከነዘመድ።
«ይህንስ ለምን?» አለኝ።
«ለክፉ ቀን» አልኩት።
«ክፉው ቀን መጥቶ ያውቃል?»
ዝም አልኩት።
በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ አንዴ እንኳ አልነካሁት።

ሽታዬ ናት ደግሞ፣ ያቺ አዲስ ተቀጣሪ፣
ከዘንዘልማ የመጣች፣ ዓይናፋር፣ ቆጣሪ፤
ከኋላዬ ኖራለች ጠመኔዋን ይዛ፣
ርምጃዬን ስትጽፍ ከዓምድ ዓምድ ተጉዛ።
«ጋሼ አንሙት፣» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣
«ከሳጥንዎ ተነሥተው እስከ ማሽኖቹ ጋ
ዛሬ የተመላለሱት አምስት ሺህ ርምጃ ነው፤
በሳምንት ቢጠራቀም ዘጌ በእግር የሚያደርሰው።»
ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ጉልበቴን አየሁት።
ለካ ሕመሙን
ከሥራ አልነበረም፣ ከኩራቴ ነው የገዛሁት።

ሰሌዳ ተሰቀለ፤
የያንዳንዱ መፍቻ ጥላ በጥቁር ቀለም ተሣለ።
መፍቻው ሲወሰድ ጥላው ብቻ ይቀራል፣
«የት ሄድክ?» እያለ የሚጣራ ይመስላል።
አሥራ ዘጠኝ ቁጥሬን በእጄ ስሰቅል
ጣቴ ተንቀጠቀጠ፣ ልጄን ለሰው አገር የመዳር ያህል።

ከዚያማ ሁሉም ፈታ፣ ሁሉም አጠበቀ፣
የሽታዬ ጉንጭ ሳይቀር በግሪስ ደመቀ፤
«አንሙትን ጥሩት» የሚለው ድምፅ ራቀ።
ደስ አለኝ ልበል? ሌሊት ሌሊት ከፋኝ፤
ቀይ ወረቀት የቀረው ዕቃ
እኔው ራሴ መሰለኝ።

በዓመቱ ዋንጫ መጣ፤ ፎቶ ተነሣን።
አሠልጣኙ ሄደ። ክረምት ገባ። ተረሳን።
የወለሉ ቢጫ መስመር በጋሪ ጎማ ተፋቀ፣
ከሐሳብ መስጫው ሣጥን ሸረሪት ክር ፈተለ፣ ከኛ ይልቅ ረቀቀ።
አሥራ ዘጠኝ ቁጥርም ሄዶ ሳይመለስ ሰነበተ፣
ጥላው ግድግዳ ላይ እንደ ሐዘንተኛ ተጎለተ።

እሑድ ወደ ሐይቁ ወረድኩ። እንየው ታንኳውን ያስራል፣
አሮጌውን ደንገል መዝዞ አዲሱን ይሰካል።
«ስንት ጊዜው ነው ይህ ታንኳ?» አልኩት። ሳቀና፣ «የቱ?
ሆዱ የዛሬ ሳምንት ነው፣ አፍንጫው የትናንቱ።
ማታ ማታ አቁሜ ካላንጠባጠብኩት
ውኃ ጠጥቶ ይከብዳል። ሠርቼ ጨረስኩ ያልኩት
ዕለት ነው የሚያሰምጠኝ።»
ትንኝ እያባረርኩ ጥቂት ቆየሁና ተነሣሁ።

ሰኞ፣ ገና ሳይነጋ። ሽታዬን ቀድማ አገኘኋት፤
ተንበርክካ፣ ቢጫ ቀለም በጣሳ።
«ማን አዘዘሽ?» አልኳት።
«ማንም። ጋሪው መታጠፊያው ጋ ይጠበዋል፤
መስመሩን በስንዝር ባሰፋው ይበጀዋል።»

አሥራ ዘጠኝ ቁጥሩን ታዲያ ማን ወስዶት ነበር?
እኔ። በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ከሳጥኔ ሥር።
ሰው እንዳያየኝ ዞሬ፣ ከጥላው ላይ ሰቀልኩት፤
ብረት ከሚስማር ሲገናኝ ድምፁን ሰማሁት።

ሽታዬ ቀና አላለችም። ብሩሿ ግን ቆመ።
ቆጣሪ ናት፤
ስንት ርምጃ እንደፈጀብኝ ሳታውቅ አትቀርም።