ምርቃት

እናቴ ሰኞ ገበያ ማሽላ ስትሰፍር፣
ቁናው ሞልቶ ካበቃ እፍኝ ትጨምር ነበር፤
«ምርቃት ነው» ትላለች፣ እጇን እያራገፈች፤
በዚያች ትርፍ እፍኝ ነው ደንበኛ ያቆየች፣
በዚያች ትርፍ እፍኝ ነው እኔን ያስተማረች።

ሦስተኛ ዓመት ሳለን፣ ጠዋት፣ ጭጋጉ ከጦሳ ወርዶ
የመማሪያ ክፍሉን መስኮት እንደ ነጭ ጨርቅ ጋርዶ፣
ጋሽ እንድሪስ ሙሄ ገባ። ሐኪም አይደለም፣ የፊዚክስ ሰው፤
አንገቱ ላይ ማዳመጫ የለም፣ የደረት ኪሱን ማስመሪያ የወጋው።
የተመላላሽ ክፍሉን መዝገብ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና፣
«ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሰው» አለ፣ መነጽሩን ወልውሎ እንደገና፣
«የደም ግፊቱ ተለክቷል። ሁለት መቶ ስልሳው በዜሮ አለቀ፤
መቶ ሃያ፣ መቶ ሠላሳ፣ መቶ አርባ…
የደሴ ሰው ደም ከመቼ ወዲህ በአሥር በአሥር መራመድ ዐወቀ?»

ክፍሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።
ከዜሮዎቹ መሃል የራሴን ጽሕፈት ለየሁት፤
ክብ፣ ወፍራም፣ ደግ ዜሮ፣ ልክ እንደ እናቴ ቁና አፍ።
«አዝኜላቸው ነው» እንዳልል
ደክሞኝ ነበር እንጂ፤ ወረፋው ነበር ረጅሙ።

«ዝቅ በሉ» አለን፤ «ዓይናችሁ ከባዘቃው ጫፍ እኩል ይዋል፤
ከላይ ሆኖ ያየ ይሰርቃል፣ ከታች ሆኖ ያየ ይዋሻል።
አየሩን በቀስታ ልቀቁት፣ በሰከንድ ሁለት መስመር፤
የመጀመሪያዋ ድምፅ ያለችበትን ጻፉ፣ የጎረቤቷን አይደለም ቁጥር።»

ማታ ማደሪያ ክፍል የጦይባን ክንድ ስለካ አመሸሁ፤
አሥር ጊዜ ለካሁ፣ አሥር ቁጥር አገኘሁ።
ጦይባ ግን አንድ ናት፤ ፍራሿ ላይ ጋደም ብላ ታዛጋለች።
በነጋታው «የቱ ነው ልኩ?» አልኩት።
«መሃላቸው ተቀምጠሽ ጠብቂው» አለኝ።

አንድ ቅዳሜ የመስታወት ቱቦውን በጋቢ ጠቅልሎ ታቀፈ፤
በሚኒባስ ሐረጎን ስንወርድ፣ ረዳቱ ዓይኑን አሻግሮ፣
«አባ፣ ሕፃኑን አመመው እንዴ?»
«የለም፣ አየር የምመዝንበት ነው።»
«እንግዲያ የአየሩም ሂሳብ ይከፈል፤ ቦታ ይዟል!»
ከፈለ። መልሱንም ቆጥሮ ተቀበለ።
ደሴ ላይ አምስት መቶ ስልሳ አንድ ያለው ባዘቃ
ኮምቦልቻ መናኸሪያ፣ ሹራባችንን አውልቀን ላብ ስንጠርግ፣
ስድስት መቶ ስምንት ላይ ቆመ።
«አርባ ሰባት ሚሊሜትር» አለ፤ «ሲደመር ሲቀነስ አንድ።
ያቺን አንድ እንዳትጥሏት።
የሚያውቀውንማ ማንም ይሰፍራል፤
እናንተ የማታውቁትንም ስፈሩ።»

ከዚያ ዓመታት። የተረኛ ሌሊት።
ነርሷ «ሲቲ ሙህዬ!» ብላ ስትጣራ፣
ግንባሯን በሻሽ ጠፍራ
እናቴ ተነሳች፣ ከማላውቃቸው ሰዎች ተራ።
ክንዷን ጠቀለልኩት፤ ያንን የሚሰፍር ክንድ።
ዝቅ አልኩ። አየሩን በቀስታ ለቀቅሁ።
መቶ ስልሳ ስድስት።
ፊቴን አነበበችው መሰል፣ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ፣
«መቶ አርባ በይው» አለች በሹክሹክታ፤
«መድኃኒት ካሉኝ ከየት አመጣለሁ?
አንዲት እፍኝ ቀንሺልኝ፤ ለኔም ምርቃት አታጪ፣ ስንቱን መርቄያለሁ።»

ብዕሬ ዜሮዋ ጋ ደርሶ ቆመ።
ለስንቱ ባዳ የቸርኳትን፣
ለእናቴ ነፈግኋት።
መቶ ስልሳ ስድስት ጻፍኩ፤ ስድስቷን ደጋግሜ አደመቅኋት።
«አንቺ ልጅ» አለች፣ እጅጌዋን እያወረደች፣
«ንግድ አትችይም።»

ሰኞ ገበያ ወረድኩ። ክኒኗን ውጣለች፤ ጠየቅኋት።
ቁናውን ሞላች፣ አፉን በመዳፏ ደለደለች፤
ከዚያ እፍኟን ዘግና፣ አንድ አፍታ እኔን አይታ፣
ከላይ ጨመረችው።
«ይቺንም ጻፊያት» አለች።